ጋሽ ሽፈራው መጨረሻ የሚጠሩት ስም

ባለፈው ሚኤሶ ላይ የተሳፈርኩበት መኪና ተበላሽቶ ብየዳ ቤት ደጅ ስንቆም የካርባይድ ሽታ መጣብኝ። ያ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል ሽታ ሌላውን ሰው አፍንጫውን ያስይዘው ይሆናል፤ እኔን አስለቀሰኝ። አሰበ ተፈሪ መብራት በጠፋ ቁጥር ጎረቤታችን ጋሽ ሽፈራው የሚያበሩት በካርባይድ የሚሠራ የጉድጓድ ፋኖስ ሽታው ይኸው ነበር።

ጋሽ ሽፈራው ዕድሜያቸውን የጨረሱት ደቡብ፣ ወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ወርቁ ለአገር ገባ፤ ለእሳቸው የተረፋቸው ሳል ነው። ከዚያ ይዘውት የመጡት አንድ ልማድም ነበራቸው። ጉድጓድ የገባ ሰው ሲወጣ በስሙ ይጠራል፤ ሁሉም «አለሁ» ሳይል ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እሳቸውም ሲመሽ የግቢው በር ላይ ቆመው እኛን ልጆች አንድ በአንድ እየጠሩ ያስገቡን ነበር። አቧራችንን እንደለበስን «አለሁ!» እያልን እንገባለን። መጨረሻ ላይ «ኡስማን!» ብለው ጥቂት ይጠብቃሉ። በግቢያችን ኡስማን የሚባል ልጅ አልነበረም።

ነገሩን ያስረዳኝ አባቴ ነው። ኡስማን የመቻራ ሰው፣ የጋሽ ሽፈራው የሥራ ጓደኛ ነበር። ጉድጓዱ ሲደረመስ እዚያው ቀረ፤ አስከሬኑም አልወጣም።

አንድ ዓመት ላይ በማዕድን ሥራ ለአገር የደከሙ ሰዎች አዲስ አበባ ይሸለማሉ ተባለና ጋሽ ሽፈራው ተጋበዙ። ሽልማቱ ብዙም አላስጨነቃቸውም። «ኡስማንን እዚያ እጠራዋለሁ፤ ያ ሁሉ ትልልቅ ሰው እየሰማ» እያሉ ኮታቸውን ደጋግመው አስተኮሱ። ለኡስማን ልጅ ለዘሃራም ይህንኑ መልእክት ላኩላት። አባቴ አብሯቸው ሄደ።

አባቴ ኋላ እንደነገረን፣ ሜዳሊያው አንገታቸው ላይ ከተጠለቀላቸው በኋላ «አንድ ስም ልጥራ» ብለው ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አሉ። ወዲያው ሳል ያዛቸው። መድረክ መሪው ፈገግ ብሎ፣ «አባባ፣ ሰዓት የለንም» አለና በክንዳቸው ደግፎ አወረዳቸው። አዳራሹ አጨበጨበ።

በተመለሱበት ቀን ሲመሽ በር ላይ ተሰብስበን ጠበቅናቸው። አልወጡም። ማንም ሳይጠራን ገባን። ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ።

ለቅሶው ላይ ዘሃራ ከመቻራ መጣች። ድንኳኑ ውስጥ አባቴ አጠገብ ተቀምጣ ዓይኗን በሻሿ እየጠረገች፣ «ዋላሂ፣ ጋሽ ሽፈራው እንደዚያ እያሳለው መቻራ ድረስ መጥቶ ነገረን» አለች። «‹ያባትሽን ስም ጠራሁት፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ ቆመለት› አለን። እናቴ ከዚያ ወዲህ ነው እንቅልፍ ያገኘችው። አንተም ነበርክ አይደል?»

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ለቀልድ እንኳ ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም።

«አዎ ልጄ» አላት። «እኔም ቆሜያለሁ።»