ትልቋ ቀይ ክብ

እሁድ ረፋድ ላይ ነው... ኮልፌ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛዬን መስኮቱ ሥር ጎትቼ ካርታ እየገለበጥኩ ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ መጨረሻ አካባቢ ነው። እኔም ያኔ ሚስት ያላገባሁ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ጎረምሳ ነበርኩ።

ሥራዬ ካርታ መሥራት ነው። ከመሬት በታች ካለው እንፋሎት መብራት እናወጣለን ያሉ ፈረንጆች ስምጥ ሸለቆን ሲዞሩ ከርመው፣ ፍል ውሃ ያለበትን ሁሉ መዝግበው መጡ። እኔ ደግሞ እያንዳንዷን ፍል ውሃ በቀይ ክብ አስቀምጣለሁ። ውሃው በጋለ ቁጥር ክቧ ትተልቃለች። የሙቀቱ ቁጥር ግን ካርታው ላይ አይጻፍም። እሱ ያለው ለብቻው ደብተር ላይ ነው፣ ደብተሩም አለቃችን ካዝና ውስጥ ይቆለፋል። «ምስጢር ነው፣ ለማንም አንናገርም» ብለን ፈርመናል። ፍል ውሃ ምን ምስጢር እንዳለው እንጃ!

ያን ለት ፈረንጆቹ «ለሰኞ ይድረስልን» ስላሉ ነው ካርታውን ቤት ይዤ የመጣሁት።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ትርፌ ናቸው፣ ግቢ የምንጋራቸው፣ ኮልፌ ገበያ ቆጮና ቅቤ የሚሸጡ። ባላቸው ጋሽ ወልዴ ጫኝና አውራጅ ነበሩ። ክረምት ላይ ከጭነት መኪና ወድቀው ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ ሁለቱም እግራቸው በድን ሆኖ አልጋ ላይ ቀርተዋል። እትዬ ትርፌ ሐኪም ቤት ወስደዋቸዋል፣ ወጌሻ አስመጥተዋል፣ ያልሞከሩት የለም።

«አንተ ልጅ፣ ሥራህ ፍል ውሃ መቁጠር ነው አሉ?»

«ኧረ እትዬ፣ ካርታ ላይ ማስቀመጥ ነው እንጂ...»

«ያው ነው» አሉና ጠረጴዛው ላይ አጎነበሱ። «ይሄ ቀይ ቀዩ ሁሉ ፍል ውሃ ነው? ጉድ! ጃንሆይ ይሄን ሁሉ ጠበል ለማን አስቆጥረውት ነው?»

«ጠበል አይደለም። ለመብራት ነው።»

መደርደሪያዬ ላይ ያለውን ኩራዝ አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «ለመብራት!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ልበል!

«ከሁሉም ትልቋ ይቺ ናት አይደል?» ብለው ጣታቸውን ጫኑባት።

«ኧረ እትዬ ቀለሙ አልደረቀም!» ብዬ ጮህኩ። «የት ናት?» ሲሉኝ እኔ የተለቀለቀውን ቀለም በጥጥ እያነሳሁ «ሻላ ሐይቅ ዳር» አልኳቸው፣ ቀና እንኳ ሳልል። ሐሳቤ ሁሉ ቀለሙ ላይ ነበር።

«ተባረክ ልጄ፣ ክፉ አይንካህ» ብለው መርቀውኝ ወጡ። ምን ስላደረግኩ ነው የምመረቀው? ብዬም አልጠየቅሁ።

ሰኞ ማታ ከሥራ ስመለስ በራቸው ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። የግቢያችንን ባለቤት እማማ ዘነቡን ጠየቅኋቸው።

«ትርፌ? ጎህ ሳይቀድ ባሏን በሰው አሳዝላ አውቶቡስ ተራ ሄደች። ሻላ ፍል ውሃ ልታስገባው። አንተ ነህ አሉ ደህናውን የመረጥክላት!»

ለካ እሳቸው ትልቋን ክብ ያዩት ትልቋ መድኃኒት ብለው ነው! የጋለ ውሃ በሽታ ይነቅላል ሲባል ነው ያደጉት፣ እኔም እንደዚያው። እኔ ግን ደብተሩን አንብቤዋለሁ። ፈረንጆቹ እዚያ ውሃ ውስጥ እንቁላል ቀቅለው መብላታቸውን ሳይቀር ጽፈዋል። ያለችበትን ነገርኳቸው... መጋሏን አልነገርኳቸውም።

ማክሰኞ ቢሮ ሳይከፈት በር ላይ ቆሜ አለቃዬን ጠበቅሁ። እዚያ አካባቢ ላለ ፖሊስ ጣቢያ እንዲደወልልኝ ለመንኩት።

«ምን ብዬ ልደውል? ካርታው ገና ለበላይ አልቀረበም። ደግሞስ ሴትዮዋ ከየት አወቀች?»

ጥያቄውን አልፌ ሌላ ልመና ጀመርኩ።

«እሺ ፈቃድ ይስጡኝና ራሴ ልሂድ።»

«ከሄድክ በዚያው ቅር።»

ተቀመጥኩ። አዎ፣ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። የአገሩ ፍል ውሃ የት የት እንዳለ በቃሌ የማውቅ ሰውዬ፣ አንዲት ሴት ጋ መድረስ አቅቶኝ ሙሉ ቀን ቀይ ክብ ስሠራ ዋልኩ። ሁለት ወረቀት አበላሸሁ።

ቅዳሜ ተመለሱ። ገባሁ። ጋሽ ወልዴ ተጋድመዋል፣ ሁለቱም እግራቸው እስከ ጉልበት በነጠላ ተጠቅልሏል። ነጠላው ረጥቧል። እትዬ ትርፌ ሲያዩኝ ለቅሷቸው እንደ አዲስ ፈነዳ።

«የአገሬው ሰው ከወዲያ ያለው ለብ ያለው ይሻልሻል ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት... የመንግሥት ሰው ነው የመረጠልኝ ብዬ! በቅል እየቀዳሁ ሳፈስበት ዝም አለኮ! ሌላው ሰው ፍንጣሪው ሲነካው ይጮሃል፣ ወልዴ ዝም! ውሃው ተቀበለው ብዬ እልል አልኩ... እልል እያልኩ ጨመርኩበት።»

አልጋው አጠገብ ተንበረከክኩ። ይህን ጊዜ ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ዘርግተው ክንዴን ያዙኝ።

«አይዞህ ልጄ፣ አትጨነቅ። እኔን እኮ ምንም አላመመኝም።»

ምናለ ባመማቸው ኖሮ!