የሸሚዝ ነጭ፣ የኮት ጥቁር

መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን ነበር፤ ቅዳሜ። እንዲህ ብዬ በልበ ሙሉነት ከጻፍኩ በኋላ እጄ ቆመ። ቅዳሜ ከነበረ የፈተና ወረቀት ታቅፌ ከትምህርት ቤት የምመለሰው ምን ሆኜ ነው? ወይ ቀኑ ሌላ ነው፣ ወይ ወረቀቱን ከሌላ ቀን አምጥቼ ለጥፌዋለሁ። የማልጠራጠረው በሩን ስከፍት የሰማሁትን ድምፅ ብቻ ነው፤ የስፌት መኪና በሲሚንቶ ወለል ላይ ሲጎተት።

የሚጎትተው ጡረተኛው ነበር። በሩ ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ መንገድ የዘጋችበት ደግሞ ልብስ ሰፊዋ፣ የሟች ወንድሙ ሚስት። እሱ ዋርሳዋ ነው። ባሏ ሲሞት ቤቱ ለሁለቱ በጋራ ስለቀረ አንዳቸው ሌላውን ማስወጣት አይችሉም፤ ዓይንና ናጫ ሆነው በአንድ ጣራ ሥር ይኖራሉ። እኔ የጓሮዋን ክፍል የተከራየሁ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ።

ጠቡ በፊት ለፊቷ ክፍል ምክንያት ነው። ወደ መንገድ የሚያይ ሰፊ መስኮት ያላት እሷ ብቻ ናት። ልብስ ሰፊዋ ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር የምትሰፋው በዚያ መስኮት ብርሃን ነው፤ ደንበኞቿም የሚጠሯት መስታወቱን አንኳኩተው ነው። ሌሎቹ ክፍሎች በቀትር አምፖል ይፈልጋሉ። ጡረተኛው ግን ክፍሏን ከጓደኞቹ ጋር ጎ ሊጫወትባት ፈለገ።

ጎ የሚባለውን ጨዋታ ያመጣው የፋብሪካ መጋዘን ኃላፊ ሳለ ለሥልጠና ከሄደበት አገር ነው። መስመር በተሰመረበት የእንጨት ሰሌዳ ላይ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ጠጠር በየተራ ያስቀምጣል። የተቀመጠ ጠጠር አይንቀሳቀስም፤ ዙሪያውን ከተከበበ ግን ይነሳል። መጨረሻ ላይ ሰፊ ቦታ ያጠረ ያሸንፋል። ሕጉ አንድ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይለመዳል። መጫወቱ ሌላ ነው።

“ይቺ ክፍል ለሚያስብ ሰው ናት እንጂ የእራፊ ማከማቻ አይደለችም” አላት።

“እኔስ የምሰፋው በዳበሳ ነው?”

ሳቀ። እኔን ሲያይ ደግሞ ምስክር በማግኘቱ ደስ ሳይለው አልቀረም። ክረምቱ እስኪገባ ድረስ በሰሌዳው ላይ እኩል ተቀምጣ አንዴ ካሸነፈችው ክፍሏን ዳግመኛ እንደማይጠይቅ፣ ካልቻለች ግን መኪናዋን አንስታ ወደ ኋላ እንደምትገባ ተናገረ። ጠጠር በእጇ ይዛ እንደማታውቅ ያውቃል።

“አፍዎን ሞልተው ነው የተናገሩት፣ ጋሼ” አለችው። “መምህር ሰምቷል።”

ሰሌዳ የምትገዛበት አልነበራትም፤ የእሱን ደግሞ አላስነካትም፣ የእጅሽ ላብ እንጨቱን ያበላሸዋል ብሎ። ከሸራ ትራፊ ላይ በልብስ ጠመኔዋ መስመር አሰመረች። ለጀማሪ ትንሹ ሰሌዳ እንደሚሻል አንብቤ ስለነገርኳት መጀመሪያ ዘጠኝ በዘጠኝ አደረገችው። ጠጠሮቹ ከቁልፍ ጣሳዋ ወጡ፤ የሸሚዝ ነጭ፣ የኮት ጥቁር። የኮቱ ቁልፍ ስለሚተልቅ ጥቁር ሁልጊዜ ያሸነፈ ይመስል ነበር። ጡረተኛው በበሩ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ አየና “ቀዳዳውም ይቆጠራል?” አላት። ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

እኔ ስልኬ ላይ በነፃ የሚገኙ የጀማሪ ጥያቄዎችን በወረቀት እየገለበጥኩ አመጣላት ጀመር፤ ይህ የተከበበ ቡድን ይተርፋል ወይስ ይሞታል ዓይነት። እግሯ ፔዳሉ ላይ ሆኖ ትፈታቸዋለች። ምሳ ሰዓት ላይ እኔና እሷ እንጫወታለን፤ ሁለታችንም አንችልም ነበር። አንድ ቀን ተሳስታ ያስቀመጠችውን ቁልፍ እንድታነሳ ስነግራት ዓይኗ ቀላ።

“ልታዝንልኝ ከሆነ ክፍልህ ግባ” አለች። “እሱ አንሺ ይለኛል?”

የምትሸነፍበት ምክንያት ከሙያዋ የመጣ ነበር። ልብስ ሰፊ ቁራጭ አይጥልም፤ የእጅጌው ትራፊ ኪስ ይሆናል፣ የኪሱ ትራፊ ማሰሪያ። ሰሌዳው ላይም አንዲት ቁልፍ ስትከበብባት ያቺን ለማዳን ሌላ ትጨምራለች፣ እሷን ለማዳን ሌላ፤ በመጨረሻ የሚሞተው አንድ ሳይሆን ሙሉ ሰልፍ ነው። ይህን ብነግራት አኮረፈችኝ። እኔ ቤት የሚጣል ነገር የለም አለች።

ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገች። እሁድ እሁድ እንዲያጫውታት ጡረተኛውን ራሱን ጠየቀችው። ጓደኞቹ ፊት ሊያዋርዳት ስለፈለገ ፈቀደ፤ እጇን አስታጥቦ። በዚህ ጨዋታ ለደካማው ተጫዋች ጨዋታው ሳይጀመር ጥቂት ጠጠሮች ይደረደሩለታል። እሱ ዘጠኝ ደረደረላት፤ “ምጽዋት ነው፣ ተቀበዪ” እያለ። ጸጉር አስተካካይ የነበረው ጓደኛው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ተሸንፋ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግን ሸራዋን ዘርግታ የተጫወተባትን አንድ በአንድ መልሳ ትደረድራለች።

“ሌላ ማን በነፃ ያስተምረኛል?” አለችኝ። “ይስደበኝ።”

ጡረተኛው የሚሞት ጠጠር ካየ ሌላ ነገር እንደማይታየው የደረሰችበት ያኔ ነው። አንድ እንኳ ማስመለጥ አይወድም። የሚበላውን ሲለቅም ዳርና መሃሉን ይረሳል። እሷ ግን ይህን ካወቀች በኋላም ለመተው ጊዜ ፈጀባት፤ ከእኔ ጋር ስትጫወት ልትተወው የወሰነችውን ቁልፍ በጣቷ ትነካካለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትነካካለች። የሚደረደሩላት ጠጠሮች ግን ከእሁድ እሁድ እያነሱ ሄዱ፤ የእሱም ቀልድ አብሮ አነሰ።

ሰማዩ መጥቆር በጀመረበት አንድ እሁድ፣ ዛሬ እኩል ነው አለችው። ጸጉር አስተካካዩም እኔም ነበርን። በታችኛው ጥግ አንድ ትልቅ ቡድኗ ተከበበ። ልታድነው ትችል ነበር፤ እኔ እንኳ መውጫው ታይቶኛል። እጇ ወደዚያ ሄደ፣ አየር ላይ ቆመ፣ ከዚያ ሌላ ቦታ አስቀመጠች። እሱ ጥጉን ፈገግ እያለ በላው፤ እያንዳንዱን ጠጠር በጠጠር ዕቃው ክዳን ውስጥ እያንቃጨለ። ቀና ሲል መሃሉ የእሷ ነበር። ጸጉር አስተካካዩ ቆጠረ። ጡረተኛው እንደገና ቆጠረ። በጥቂት ቦታ አሸንፋለች።

“መምህሩ ነው ያሠለጠናት” አለ።

“መምህሩ?” አለ ጸጉር አስተካካዩ። “እሱማ ባለፈው በእኔ ተሸነፈ።”

ጡረተኛው ቃሉን አላጠፈም፤ ስለ ክፍሏ ዳግመኛ አልተነፈሰም። ግን ጸጉር አስተካካዩ ወደ ልጁ ቤት ተዛወረ፣ ሌሎቹም መምጣት ተዉ። ክረምቱ ሲያይል ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ በሯ ላይ መቆም ጀመረ።

“አንድ ጨዋታ። እኩል።”

“ሥራ ላይ ነኝ፣ ጋሼ።”

በሌላ ቀን ጥቁሩን ውሰጂ፣ አንቺ ጀምሪ አላት። ሥራ ላይ ነበረች። አንድ ጠዋት ሰሌዳውን ከነጠጠሩ ክፍሏ ውስጥ ትቶላት ወጣ፤ አንስታ ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳው ሥር አኖረችው። እኔም አልተረፍኩም። ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ ስል ነጮቹን ቁልፎች በተማሪ ሸሚዝ ላይ እየተከለቻቸው አገኘኋት። ሸራው ታጥቦ መስኮቱ ላይ ተሰጥቷል።

“ለክፍሉ ብዬ ነበር” አለች፣ ቀና ሳትል። “ክፍሉን ይዣለሁ።”

ከዚያ በኋላ ጡረተኛው ኮሪደሩ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ለብቻው ይጫወት ነበር፤ ጥቁሩንም ነጩንም ራሱ እያስቀመጠ። ስታልፍ ሰላም አትለውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን የተሰፉ ልብሶች በአንድ ክንዷ ታቅፋ ከክፍሏ ስትወጣ ከኋላው ቆመች። እኔ በሬ ተከፍቶ ነበርና አየኋት። ለማለፍ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየች። ዓይኗ ከሰሌዳው አንዱ ዳር ወደ ሌላው ሄደ፤ ባዶ እጇ ላይ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ተገናኙ። እሱም አውቋል፤ ዞር ሳይል ጠጠሩን አየር ላይ እንደያዘ ቆየ።

እውነት ለክፍሉ ብቻ ነበር? ይህን መጠየቅ ከጀመርኩ ሰንብቼ ነበር፤ በሆዴ። አሁን ልጠይቃት ብዬ ጫማዬን አጥልቄ እስክወጣ የውጭው በር ከኋላዋ ተዘጋ።