ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረው ማሽን

ሳላሀዲንን ካወቅሁት ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ አውቀዋለሁ ማለት ግን ድፍረት ነው። ሮቤ ባለ አንድ ኮሌጅ ውስጥ እኔ ቋንቋ አስተምራለሁ፣ እሱ ሰርቨሮቹን ይጠብቃል። እኔ ኮምፒውተር ሲቆምብኝ ጎኑን በጥፊ ከመምታት ያለፈ እውቀት የለኝም። እሱ ደግሞ ሥራው ሲሰምር ማንም የማያየው፣ ሲበላሽ ብቻ ስሙ የሚጠራ ሰው ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ "ሳላሀዲን የት ሄደ?" እንላለን፤ ሲመለስ ደግሞ "ይሄ ሰውዬ ግን ምንድን ነው የሚሠራው?" እንላለን። እኔም ብያለሁ።

የሰርቨሩ ክፍል ከአስተዳደር ሕንፃው ጀርባ ነው። የሮቤ ብርድ አልበቃ ብሎ ማቀዝቀዣ ቀንና ሌሊት ይነፋበታል። እዚያ ውስጥ ሦስት ትልልቅ ማሽኖች አሉ። በሦስቱ ውስጥ ደግሞ አካል የሌላቸው ሃያ አንድ ማሽኖች ይኖራሉ፤ የሬጅስትራሩ፣ የቤተ መጻሕፍቱ፣ የሠራተኛ አስተዳደሩ፣ ሁሉም በአንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ክፍል ይዘው እንደሚኖሩ ተከራዮች ናቸው። ማን በየትኛው ክፍል እንዳለ የሚቆጣጠር፣ ማን በስንት ሰዓት ምን እንደነካ የሚመዘግብ አንድ አስተዳዳሪ ሰርቨር አላቸው። ይህን ያስረዳኝ ራሱ ሳላሀዲን ነው፤ ለዚያውም ሦስት ጊዜ።

ባለፈው ታኅሣሥ ይህ አስተዳዳሪ አርጅቶ በአዲስ ቨርዥን መተካት ነበረበት። ሳላሀዲን ነገ ዛሬ ሲል ዓመት ካሳለፈ በኋላ አንድ እሑድ ጠዋት ቆረጠለት። እንዲህ ያለ ሥራ ሰው በሌለበት ቀን ነው የሚሠራው። እሱ እሑድ አለፈኝ ብሎ አይቆጭም። ቤት የሚጠብቀው ሰው የለም።

ሚስቱ ዙቤዳ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። ልጅ አልነበራቸውም። ጊኒር የነበሩት ወላጆቹም አልፈዋል። ዘመድ የሚላት አንዲት ሰው ብቻ ቀርታዋለች፤ ጎባ ጨርቅ የምትነግደው የዙቤዳ ታላቅ እህት ፈርዶሳ። ከእሷም ጋር ከለቅሶው ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዙቤዳ የመጨረሻ ሳምንቶቿን የተኛችው እህቷ ቤት ነው። ሳላሀዲን ከሥራ ሲወጣ በሚኒባስ ወደ ጎባ ይሄዳል፣ ጠዋት ይመለሳል። በዚያ ቀን ልክ የቀትሩ፣ የዙሁር አዛን ሲል ፈርዶሳ ደወለች። "ደክማለች፣ ቶሎ ና" አለችው። ከሮቤ ጎባ ቢበዛ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። እሱ የደረሰው ግን ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነበር። ዙቤዳ ካረፈች አሥር ደቂቃ አልፏታል።

ለቅሶው ላይ፣ ሰው በተቀመጠበት፣ ፈርዶሳ ጠየቀችው።

"የት ነበርክ?"

"ወላሂ፣ ስልኩ እንደተዘጋ ወዲያው ነው የወጣሁት። ኮምባይነር መንገድ ዘግቶብን ነው።"

ባሌን በታኅሣሥ የሚያውቅ ሰው ይህን አይጠራጠርም። ስንዴው ሲደርስ እነዚያ ማጨጃዎች አስፋልቱን ሞልተው ሲያዘግሙ ሚኒባሱም ባጃጁም ጋሪውም ከኋላቸው ይሰለፋል። ለቀስተኛው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ፈርዶሳ ግን ትክ ብላ አየችውና ተነሥታ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ በአራት ኢድ ደጇን አልረገጠም፤ እሷም አልጠራችውም። ተበዳዩ እኔ ነኝ ባይ ነበር። በአላህ ስም ምሎ ያልታመነ ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ያድርግ? ለእኔም ከአንድም ሁለት ጊዜ አጫውቶኛል። "ሥራዬን ጨርሼ፣ ጃኬቴን እየለበስኩ ሳለ ነው ስልኩ የጮኸው" ይለኝ ነበር። ሊያታልለኝ አልነበረም። ደጋግሞ ሲናገረው ከርሞ ለራሱም እንደዚያ ሆኖ ነው የሚታየው።

በዚያ እሑድ የግቢው ጥበቃ ጋሽ ለታ በሩን ከፈተለት።

"ዛሬም ብቻህን ነህ?"

"ማንን ላምጣ ጋሽ ለታ?"

ሽማግሌው ወደ ጥበቃ ቤቱ ገባ። ሳላሀዲን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ አዲሱን አስተዳዳሪ በሦስተኛው ማሽን ላይ ተከለው። ቀጥሎ የአሮጌው ዕቃ ሁሉ ወደ አዲሱ መዛወር አለበት። ከመዛወሩ በፊት ፍተሻ አለ፤ ፍተሻው ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ። የአሮጌውና የአዲሱ ሰዓት አይገጥምም፣ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው ይላል። ሰዓታቸው ካልገጠመ ደግሞ እነዚህ ነገሮች አይተማመኑም።

አዲሱ ሰዓቱን የወሰደው ከተተከለበት ከሦስተኛው ማሽን ነበር። ጥፋቱም እዚያው ነው። በዚያ ማሽን ስም ጎን አንዲት ቢጫ ምልክት ሁለት ዓመት ሙሉ ስታበራ ነበር። ሥራ እስካላስተጓጎለች ድረስ ብሎ አንድም ቀን ከፍቶ አላያትም።

ስድስት ሰዓት መሆኑን ሲያይ ብቻውን ሳቀ። ይህ የፈረንጅ ስህተት አይደለም። አንዱ የእጅ ሰዓቱን አይቶ በሐበሻ አቆጣጠር ሞልቶታል ማለት ነው፤ እኛ ሰባት የምንለውን ማሽኑ አሥራ ሦስት እንደሚለው ዘንግቶ። ሰኞ የሚቀልድበት ሰው ያገኘ መስሎት ማን እንደሆነ ሊያይ የአሮጌውን መዝገብ ከፈተ።

መዝገቡ ላይ ያለው ስም የራሱ ነው። ቀኑ ዙቤዳ የሞተችበት ቀን ነው። ሰዓቱ አሥራ ሦስት ከአሥር፣ በእኛ ሰባት ከአሥር። በዚያች ደቂቃ ሳላሀዲን የሚባል ሰው የሦስተኛውን ማሽን ሰዓት ሰባት ከአሥር ብሎ ሞልቷል።

የዙሁር አዛን የሚለው ስድስት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው።

 ከዚያ ያ ቀን እንዳለ መጣበት። የምዝገባ ሳምንት ነበር። መብራት ሄዶ ተመልሶ፣ የሦስተኛው ማሽን ባትሪ ሞቶ ስለነበር ሰዓቱን ረስቶ ተነሣ። ሬጅስትራሩ የተቀመጠው እሱ ላይ ነው። ውጭ ተማሪው ተሰልፏል። ስልኩ ሲደወል "መጣሁ" አለ። አምስት ደቂቃ ብቻ ብሎ ተቀመጠ። አምስቱ አሥር ሆነ፣ አሥሩ ሃያ። በመጨረሻ ሰዓቱን ሲሞላ ልቡ ጎባ ስለነበር እጁ ያየውን ጻፈ።

"ኮምባይነሩ ውሸት አይደለም" አለኝ በኋላ ሲነግረኝ። "ሁለት ደቂቃ አስቁሞናል።"

የማሽኑን ሰዓት አስተካክሎ ፍተሻውን እንደገና ሲያስጀምር ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ የሚቀጥለው ገጽ አንድ ጥያቄ ጠየቀው፤ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ምን ይዛወር? አንደኛው ምርጫ ማስተካከያዎቹ ብቻ፤ ሠላሳ ደቂቃ። ሁለተኛው ማስተካከያዎቹ ከነመዝገባቸው፤ ሦስት ሰዓት። የመጀመሪያውን ቢመርጥ የድሮው መዝገብ ከአሮጌው ሰርቨር ጋር አብሮ ይጠፋል። ጠያቂ የለበትም። እንዲያውም ያዋጣል፤ በሮቤ መብራት ላይ ተማምኖ ሦስት ሰዓት ሥራ የሚጀምር አስተዋይ የለም። መዝገቡ ከጠፋ ደግሞ ሳላሀዲን ስልኩ እንደተዘጋ የወጣ ሰው ሆኖ ይኖራል።

የመጀመሪያውን መረጠ። "ቀጥል" የሚለውን ተጫነ። የመጨረሻው ማረጋገጫ ላይ ሲደርስ እጁን አነሣ። "ለማን ብዬ ነው?" አለ ጮክ ብሎ፤ ማራገቢያዎቹ ብቻ ናቸው የሰሙት። ያቺን ሐሰት የሚሰማለት ሰው እንኳን አጠገቡ አልነበረም። ያን ጊዜ ብቸኝነቱ አነቀው፤ ራሱ ነው እንዲህ ያለኝ፣ "አነቀኝ" ብሎ። ተመልሶ ሁለተኛውን መረጠ።

ሦስቱን ሰዓት ቁጭ ብሎ ጠበቀ። መብራት አልሄደም። ሲያልቅ አሮጌውን አጠፋ፣ በአዲሱ ገባ፣ መዝገቡን ፈለገ። ያቺ መስመር ከነስሙ መጥታለች። በሩን ቆልፎ መናኸሪያ ሄደና የጎባ ሚኒባስ ውስጥ ገባ።

ፈርዶሳ ሱቋ ውስጥ ለአንዲት ገበያተኛ ጨርቅ እየለካች ነበር።

"አሰላሙ አለይኩም፣ አዴ" አላት፣ የባሌ ሰው ታላቅ ሴትን በአክብሮት እንደሚጠራው።

"ወአለይኩሙ ሰላም" አለች ቀና ሳትል። ሰላምታን መመለስ ግዴታ ነው፤ ከዚያ የሚያልፍ ቃል ግን አልጨመረችም። ገበያተኛዋ እስክትወጣ ቆሞ ጠበቀ።

"አዴ፣ ያን ቀን ስልኩ እንደተዘጋ አልወጣሁም። አርባ አምስት ደቂቃ ቆይቻለሁ። ማሽን እያስተካከልኩ ነበር። ወላሂ ብዬ በሰው ፊት የማልኩልዎት ውሸት ነው።"

ፈርዶሳ ጨርቁን አጣጥፋ ከመደርደሪያው መለሰችው። አላየችውም።

"አውቃለሁ። እሷ ነግራኛለች።"

"ማን?"

"ዙቤዳ ናታ! ማን ሊሆን ነው? ሁለተኛ ልደውልልህ ስልኩን ሳነሣ እጄን ያዘችኝ። 'ተይው፣ አንድ ነገር ተበላሽቶበት ነው፤ ሳይጨርስ አይነሣም፣ ያን ሰው አሥራ ሰባት ዓመት አውቀዋለሁ' አለች። ሳቀችም እኮ። 'ሲመጣ እንዳትቆጪው። ጃኬቱን ረስቶ በሸሚዝ ነው የሚመጣው፤ ጋቢዬን አልብሺልኝ' አለች። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣትም።"

በሸሚዝ ነበር የገባው። ጃኬቱን ከሳምንት በኋላ ያገኘው ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ፣ ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ ነው። ይህንንም እስካሁን ረስቶት ነበር።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም አዴ?"

"መቼ ልንገርህ?" አለች፤ አሁን ድምጿ ተሰበረ። "ይቆያል፣ እንዳትቆጪው ብላ ነው አደራ የሰጠችኝ። አንተ ደግሞ አልቆየሁም ብለህ ማልክ! አልቆየሁም ለሚል ሰው 'ስለቆየህ ይቅር ብላሃለች' ብዬ እንዴት ልስጠው? እስክትመጣ ጠበቅሁ። አልመጣህም።"

ወደ ጓዳ ገብታ ጋቢውን ከሳጥን አውጥታ አመጣችና እዚያው ሱቁ ውስጥ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

ይህን የነገረኝ ከወር በኋላ ነው፣ ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ፣ ያንኑ ጋቢ ለብሶ። አሁን እሑድ እሑድ ጎባ ይውላል። ፈርዶሳ ታዘዋለች፣ ትጮህበታለች፣ ምሳ ታበላዋለች። ደስ አይልም ወይ አልኩት።

"ደስ ይላል" አለኝ። የጋቢውን ጥለት በጣቱ ሲያፍተለትል ቆየ። "ያን ቀን ቢሆን ኖሮ ግን ሽታዋ ነበረው። አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ፈለግኩት። ሁለት ዓመት ተቀምጦ፣ አሁን የሚሸተው ሳጥኑን ነው።"