መጨረሻዬን ለደላላ ስነግር

ለሽማግሌ የሚነገረውን ቃል ለደላላ ነገርሁ፤ ደላላው በዚያው በእኔ ቃል ቤቱን ለሌላ ሸጠብኝ። ጽፌ ላስቀምጠው የፈለግሁት በደል ይህ ነው። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ እጄ ቀርፋፋ ነው። ቢሆንም ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈለግሁም፤ ሌላ ሰው ቢጽፈው ያለዝበዋል።

ባለቤቴ ስኳር አለበት። እግሩ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እየተመላለሰ ይታጠብለታል። ከይጁቤ ወዲያ ካለው አገራችን መመላለሱ ሲያቅተን፣ ቤቱንና ከብቱን ሸጠን ከተማ ገባን። የተከራየነው ክፍል ዳገት ላይ ነው። በበጋ ባጃጅ ይወጣዋል፤ ዝናብ ሲጥል ግን ጭቃው ጎማ ይውጣል፣ ባለ ባጃጆቹም "እማማ፣ ከዚህ ወዲያ የለም" ብለው ከታች ያወርዱናል። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ ሜዳው ላይ አንዲት ቤት ለመግዛት ቆረጥሁ።

ደላላውን ያመጣችልን አከራያችን ናት። ወጣት ነው፤ ሁለት ስልክ ይይዛል፤ በአንዱ ሲያወራ ሌላው ይጮኻል። ያሳየን ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለች የጭቃ ቤት ናት። በሯ ደረጃ የለውም፣ ውሃው ግቢ ውስጥ ነው፣ አጥሩ ሥር ጌሾ በቅሏል። ባለቤቴ በምርኩዙ ከበሩ እስከ ቧንቧው ሄዶ፣ ማንም ሳይደግፈው ተመለሰ። ደፉን በምርኩዙ መታ መታ አደረገና "ይህችስ ደግ ናት" አለ። ከታመመ ወዲህ ነገር ሲያምረው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስንወጣ ደላላው የባለቤቴን ክንድ ይዞ፣ በለስላሳ ድምፅ እያባበለ አስፋልቱን አሻገረው። ጫማው ቢወልቅ ጎንበስ ብሎ አጠለቀለት። እኔም ይህን አይቼ ልቤን ሰጠሁ።

"ከሻጯ ጋር እኔው ልነጋገር" ስለው፣

"አይሆንም እማማ! ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ከተገናኙ ነገር ይበላሻል" አለኝ።

"ታዲያ አንተ የማን ነህ? የእሷ ነህ የእኔ?"

"የሁለታችሁም ነኝ።"

በእኛ አገር የሁለት ሰው የሚሆን ሰው ሽማግሌ ነው። የበሬ ዋጋም ይሁን የካሳ ነገር ሲከር፣ ሽማግሌው አንዱን ወደ አጥር ጥግ ይወስድና መጨረሻውን ይጠይቀዋል፤ ሌላውንም እንዲሁ። የሁለቱን ቃል በሆዱ ይዞ መካከሉን ይቆርጣል። የአንዱን መጨረሻ ለሌላው ያወጣ ሰው ዳግመኛ ለሽምግልና አይጠራም። ስለዚህ ከሽማግሌ መደበቅ ነውር ነው።

ደላላው ቤታችን መጥቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። "እማማ፣ ሴትዮዋን ላስማማልዎ እንድችል እውነቱን ይንገሩኝ፤ መጨረሻዎ ስንት ነው?" አለ። ቃሉ እንኳ የሽማግሌ ቃል ነው። ባለቤቴ ከአልጋው ላይ ሳል ሳል አደረገብኝ። እኔ ግን ከመድኃኒቱ ገንዘብ በቀር ያለንን ብር ሁሉ ነገርሁት።

ሰውየው ሲወጣ ባለቤቴ፣ "አንቺ ሴት፣ ቤት ነው የምትገዢው ወይስ ንስሐ ነው የገባሽው?" አለኝ።

"እሱ የሁለታችንም ነው" አልሁት።

ከዚያ በኋላ አንዱም ስልኩ አልነሳ አለ፤ ሁለተኛውም አልነሳ አለ። እኔው ራሴ ወደ ቤቲቱ ወረድሁ። አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ጌሾውን እያስቆረጠ ነው። ሻጯ በዕድሜ እኩያዬ የምትሆን ሴት ናት፤ ዕቃዋን ስትጠቀልል አገኘኋት። ማንነቴን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ታማሚ ያለባቸው እርስዎ ነዎት? ውይ እናቴ! እዚሁ ቆሞ እኮ ነው ደላላው ለሰውየው፣ 'አሮጊቷ ያላት እስከዚህ ነው፤ ትንሽ ብቻ ከፍ ካደረግህ ልትደርስብህ አትችልም' ያለው። እኔማ ተነጋግራችሁ የተዋችሁት መስሎኝ።"

"አሁንስ አይመለስም?"

"ቀብድ በልቻለሁ፤ ተፈራርመናል። ምን ላድርግዎ?"

ምን ታደርገኛለች? ከእኔ የበለጠ የሰጠ ሰው ቢገዛ አልከፋም፤ ገበያ ነው። የከፋኝ የእኔ መጨረሻ የሌላ ሰው መነሻ መሆኑ ነው። ቀበሌ ሄድሁ፤ "ከደላላው ጋር ውል አለዎት?" አሉኝ። የለኝም። የነፍስ አባቴን ጠየቅሁ፤ "ለእግዜር ስጪው" አሉኝ። ለእግዜርስ ሰጥቼዋለሁ፤ ግን እግዜር ባለቤቴን ተሸክሞ ዳገቱን አያወርድልኝም አልሁና፣ ወዲያው ደንግጬ አማተብሁ።

ዝናቡ ገባ። ባለቤቴን ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው ያወርዱት ጀመር። ሲያወርዱት ዓይኑን ይጨፍናል። አንድ ጠዋት አንደኛውን ተሸካሚ አንሸራተተውና ወንበሩ አዘነበለ፤ ቁስል ያለበት እግሩ ጭቃ ውስጥ ገባ። እኔ ከኋላ ጃንጥላ ይዤ ከመጮህ በቀር ያደረግሁት የለም። ባለቤቴ "ከእንግዲህ አልሄድም፤ እዚሁ ተዉኝ" አለ።

በዚያው ዕለት ደላሎቹ ወደሚቆሙበት በረንዳ ሄድሁ።

"ኧረ ሰውየው፣ አማትህ መጡልህ!" አለ አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ።

የእኔው ደላላ ስልኩን ከጆሮው አወረደ። አልሸሸም፤ ይህን አልክድበትም። እንዲያውም ወንበር ሳበልኝ። አልተቀመጥሁም።

"የነገርሁህን ለምን አወጣህ? የሁለታችሁም ነኝ አላልህም?"

"ነኝ እንጂ እማማ። አሁንም ቤት እፈልግልዎታለሁ።"

"በምኔ? መጨረሻዬን አገሩ ሁሉ ሰምቶታል! እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ሽማግሌ የሰማውን በሆዱ ይቀብራል። አንተ ይህ እንዴት ከበደህ?"

ሳቁ ቆመ። ደላላው ስልኩን አገላብጦ አየ። ከዚያ ቀና አለና፣ ባለቤቴን አስፋልቱን ሲያሻግር ባባበለበት በዚያው ለስላሳ ድምፅ መለሰልኝ።

"እማማ፣ እኔ እኮ ደላላ ነኝ። ሽማግሌ ነኝ ብዬዎት አውቃለሁ?"