የስቶያን የፍየል ቆዳ ልብስ

ከአገሬ ወጥቼ ኦሮራ ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባለው የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ቀን የሱቁ ባለቤት ሚስስ ፓርክ አንድ ጂንስ ሱሪ ሰጡኝ። አዲስ አበባ የሙሽራ ቀሚስ እሰፋ ስለነበር ትንሽ ቅር አለኝ። እግሩን አሳጥሬ ስመልስላቸው ገልብጠው ውስጡን አዩ።

«ስፌትሽ ጥሩ ነው። ትርፉን ለምን ቆረጥሽው?» አሉኝ።

«ረዥም ስለሆነ ነው።»

«ሰው ይወፍራል፣ ልጅ ያድጋል። አጥፈሽ ውስጥ ተይው።»

ከዚያ በኋላ ሳያስፈልግ የቆረጥኩት ጨርቅ የለም።

እዚያ ሱቅ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። የኤርፖርት ሠራተኞች ዩኒፎርም አጥብቤአለሁ፤ የዳውንታውን ሆቴሎች ጥበቃዎች ኮት አስፍቻለሁ፤ የቀየርኩት ዚፕማ ቁጥር የለውም። የማልረሳው ግን የስቶያንን ልብስ ነው።

ስቶያን የቡልጋሪያ ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡ የትራክ ሾፌር ሲሆኑ፣ ዳሌያቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው በከዘራ ይሄዱ ነበር። አንድ የጥር ቀን ትልቅ ፌስታል ይዘው ገቡና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። ጠጉሩ እስከ ክንድ የሚረዝም ጥቁር የፍየል ቆዳ ነበር። ከሥሩ ቀንድና ቀይ ጥርስ ያለው የእንጨት ጭምብል ወጣ።

ጎኔ ያለው መኪና ላይ የምትሰፋው ጽጌ ብድግ አለች። «በስመ አብ! ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ በአማርኛ።

ስቶያን ቃሉ ባይገባቸውም ፊቷን አይተው ነገሩን ገመቱት። «አትፍሩ» አሉ። «በእኛ መንደር የበረዶው ወራት ሊወጣ ሲል ወንዶች ይኼን ለብሰው፣ ቃጭል ታጥቀው እየዘለሉ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ድምፁ ክፉ መንፈስ ያባርራል፤ እህሉ ያፈራል፤ ቤተሰቡ ጤና ያገኛል። ሰይጣኑን ለማስደንገጥ ነው እንጂ እሱን ለማክበር አይደለም።»

ልብሱን የሠሩት አባታቸው ነበሩ፣ ከራሳቸው ፍየሎች ቆዳ። ስቶያን እዚህ ኦሮራ ካሉ የአገራቸው ሰዎች ጋር በየዓመቱ ሲዘሉበት ኖረው ነበር። አሁን ዳሌያቸው እንቢ ስላለ፣ ነርስ የሆነችው ልጃቸው ራዳ ልልበሰው ብላቸዋለች።

«በአባቴ ዘመን ሴት አትለብሰውም ነበር። ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ግን ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም፤ እሷም ትፈልገዋለች» አሉኝ።

ሲወጡ ጽጌ «እኔ እጄን አላስነካም። አንቺም ተጠንቀቂ፣ ሙሉ» አለች። ሚስስ ፓርክም ካልፈለግሽ እመልሰዋለሁ አሉኝ።

እኔም አመንትቼ ነበር። ልብሱን ስገለብጠው ግን የአባትየውን ስፌት አየሁ። በወፍራም ክር፣ በእጅ፣ በወስፌ እየተወጋ የተሰፋ ነው። አንዳንዱ ጠማማ ነው። ትከሻው ላይ አንድ ጊዜ ተሳስተው ፈተው ደግመውታል። የሙያ ባልደረባዬ መሰሉኝ፤ ተቀበልኩት።

ራዳ ከሆስፒታል ሺፍቷ በቀጥታ መጣችና ለካኋት። ትከሻው በየጎኑ አራት ጣት ይሰፋታል። ቆዳውን ሳልቆርጥ ወደ ውስጥ አጠፍኩት። መኪናው ገና በመጀመሪያው ስፌት መርፌ ሰበረ። ስለዚህ እኔም ወስፌና በሰም የታሸ ክር ይዤ በእጄ ቀጠልኩ። ስቶያን አንዳንድ ቀን እየመጡ ከፊቴ ተቀምጠው ጠጉሩን ያበጥሩ ነበር። አባታቸው ሲሞቱ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀታቸው ስላላለቀ ለቀብር እንዳልሄዱ የነገሩኝ እንደዚያ ጎንበስ ብለው ሲያበጥሩ ነው። እኔም መርፌዬን አላቆምኩም፤ ባቆም የሚያፍሩ መሰለኝ።

የመጨረሻው ልክ ቀን ልብሱ ራዳ ላይ ልክክ አለ። መስታወት ፊት ዞር ዞር ብላ አቀፈችኝ። ቃጭሎቹ ቤት ነበሩ። አምጪያቸው አላልኳትም።

በዓሉ ቅዳሜ ረፋድ፣ አንድ አዳራሽ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ነበር። በረዶ ጥሏል። ጽጌ «እኔ ከመኪና አልወርድም» ብላ አብራኝ መጣች። ዐሥራ ሁለት የሚሆኑ ጭምብል ለባሾች ሲዘሉ የቃጭሉ ድምፅ ደረት ውስጥ ይገባል። ራዳ መሀላቸው ነበረች። የቃጭሉ ቀበቶ በሁለት ማንገቻ ከልብሱ ትከሻ ጋር ተያይዟል።

ሦስተኛው ዝላይ ላይ የግራው ትከሻ ተተረተረ። ቀበቶው ወደ ጉልበቷ ወረደና ጠልፎ ጣላት።

ስቶያን በከዘራቸው ወደ እሷ ሮጡ። እኔም የመርፌ ቦርሳዬን ይዤ ገባሁ። ራዳ ደህና ነበረች፤ ጭምብሏን አውልቃ ይቅርታ ትጠይቀኛለች። ቀበቶውን ላነሳ ስል በአንድ እጄ አቃተኝ። የአምስት ዓመት ልጅ ያህል ይከብዳል። ስፌቱን አየሁ፤ ክሩ አልተበጠሰም። ቀዳዳዎቹን አቀራርቤ ስለወጋኋቸው ቆዳው ራሱ ተቀዷል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ቃጭሉን አስመጥቼ መለካት ነበረብኝ። አሁን ከሥሩ የሚደገፍ ወፍራም ቆዳ ያስፈልገኛል።»

ስቶያን የሱሪያቸውን ቀበቶ ፈትተው ሰጡኝ። ቆረጥኩት። ቆዳዎቹን ገጥሞ የሚይዝልኝ ሰው ሳጣ፣ ሁለት እጆች ከጎኔ መጥተው ጠጉሩ ውስጥ ገቡ። ጽጌ ነበረች።

«ቶሎ ብለሽ ውጊ፣ እጄ ሊደርቅ ነው» አለችኝ።

ቀዳዳዎቹን አራርቄ ሰፋሁት። ራዳ ተነሥታ ሁለቴ ሞከረችውና ወደ ጓደኞቿ ተመለሰች። ስቶያን በአንድ እጃቸው ከዘራውን፣ በሌላው ሱሪያቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው ተመለከቷት።

«አባትዎ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ ይቆጡ ነበር። ቀጥለው ማንገቻዋን ያጠብቁላት ነበር።»

ሰኞ ልብሱን ከነቃጭሉ ሱቅ አስመጣሁትና ሁለቱንም ትከሻ እንደ አዲስ ሠራሁ። ራዳን ታጥቃ እንድትዘል አደረግኋት። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤ ሚስስ ፓርክ ከጓዳ ሮጠው ወጡ። ስፌቱ ያዘ። ዓይኔ ደክሞ ሥራ እስካቆም ድረስ ለጥገና አልተመለሰም።

እናንተ አሁን ስፌት ላይ ያላችሁ፣ ደንበኛን መስታወት ፊት ቀጥ አድርጋችሁ ብቻ አትለኩ። ሻንጣ የሚያነሣ ከሆነ ጎንበስ ይበል፤ በሽተኛ የምታገላብጥ ከሆነች እጇን ትዘርጋ፤ የሚሸከመው ነገር ካለ ተሸክሞ ይምጣ። ልክ የሚወሰደው እንደዚያ ነው።