አሟታል ያልኩ ዕለት

በጦርነቱ ወልድያ ያለው የነርሶች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጄ መርሳ ከተማ ወዳለው ቤቴ ተመለሰች። ወጣቱ አስተማሪዋም ተፈናቅሎ መርሳ ገብቶ ስለነበር፣ ከተማሪዎቹ አራቱን ሰብስቦ ጤና ጣቢያ እየወሰደ ያስተምራቸው ጀመር።

አንድ ቀን ልጄ እያለቀሰች መጣች። የአንድ ሽማግሌ ደም ስር በመርፌ ስትፈልግ ሦስት ጊዜ ስታ ኖሯል፤ አስተማሪው ሰው ፊት መርፌውን ከእጇ ነጥቆ ራሱ ወጋ። «ሁለተኛ አልሄድም፤ ትምህርቱም ይቅርብኝ» አለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የቀረሁት። እሷም እንደ እኔ ልትቀር ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። በማግስቱ አስተማሪው «ምነው ቀረች?» ብሎ ሲልክብኝ፣ እውነቱን ለመናገር አፍሬ «አሟታል» አልኩ።

የእኛ አገር ሰው የታመመ ሳይጠይቅ እንደማያድር እንዴት ረሳሁት! ከሰዓት በኋላ አስተማሪው ብርቱካን ይዞ፣ ሦስቱን ጓደኞቿን አስከትሎ ከች አለ። ልጄ ዘላ አልጋ ውስጥ ገባች።

«እንደምን ዋሉ እናታችን? ምኗን ነው ያመማት?»

«ራሷን» አልኩ። እሷ ለካ ሆዷን ይዛለች!

አስተማሪው ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። «በሉ፣ እንደተማራችሁት መርምሯት።»

«መቼ ጀመረሽ?» አለቻት አንዷ።

«ትናንት።»

«ምን ስትሠሪ?»

ልጄ ብርድ ልብሱን ፊቷ ላይ ሳበች።

«መርፌ ሲነጥቋት ነዋ!» አለ ሌላው። ሁሉም ሳቁ።

አስተማሪው ግን አልሳቀም። «በሽታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አላት። «ሽማግሌው አሳዝነውኝ ቸኮልኩ። ሰው ፊት መንጠቅ አልነበረብኝም። እኔ ተማሪ ሳለሁ የሳትኩትን ብነግርሽ፣ ከሐብሩ ወረዳ አንድም ሰው እጁን አይሰጠኝም።»

ብርድ ልብሱ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ከዚያ ያልተከፈተ መርፌ ከቦርሳው አወጣና እጅጌውን ሰበሰበ። «ነይ፣ እኔን ውጊ።»

«ያ አላህ! ቤቴ ውስጥ ሰው ልትገድልብኝ ነው!» አልኩ። የሰማኝ የለም።

ልጄ እጇን ታጥባ ወጋችው። ደም የለም። ፊቷ ተለዋወጠ፤ እሱ ግን እጁን አላነሳም። «አትቸኩይ፤ ትንሽ ወደ ቀኝ። እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድም።» ደሙ መጣ፤ ጓደኞቿ አጨበጨቡ። እኔ ግን ደሙን ሳይ ዓይኔ ጭልም አለብኝና አልጋው ላይ ዘፍ አልኩ።

«አሁን እውነተኛ በሽተኛ አገኘን!» አለ አስተማሪው።

«እማ፣ እግርሽን ዘርጊ፤ አይዞሽ» አለች ልጄ፣ የልብ ምቴን ከእጄ ላይ እያዳመጠች። ቀና ሳትል «መምህር፣ ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንገባው?» ስትለው ሰማኋት።