በደህና የተመለሰች መኪና

ከታላቅ ወንድሜ ጋር የተኳረፍንበትን ምክንያት እዚህ አልጽፍም። በአባታችን ቀብር ሰሞን የተጀመረና ሁለታችንም በዝምታ ያሳደግነው ነገር ነበር ማለት ይበቃል። የምጽፈው ሽማግሌዎች ለዓመታት ሲያባብሉት ኖረው፣ በመጨረሻ «እሺ፣ ይምጣ» ካለ በኋላ ስለሆነው ነው። ዕርቁ ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ በሚገኘው የወንድሜ ግቢ እንዲሆን ተቆረጠ። አስታራቂዎቹን የሚመሩት የቤተ ክርስቲያናችን አዛውንት አንድ ነገር ብቻ አሳሰቡኝ።

«እንዳትዘገይ። ሰበብ ነው የሚፈልገው።»

በመንገድ ላይ ምንም እንዳያጋጥመኝ ብዬ ዓርብ ዕለት መኪናዬን ሰርቪስ አስገባሁ። የገዛሁበት ድርጅት መሃል ከተማ የራሱ ጋራዥ አለው። ደንበኛ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ቴሌቪዥን ባለበት ክፍል ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ከዚያ በፊት አንድ የሚንኳኳ ነገር እንዲያዩልኝ አስገብቼያት፣ መንኳኳቱን ሳትተው፣ በመቀመጫዋም ላይ የግራሶ እጅ ታትሞባት ተመልሳልኛለች። ሌላ ጋራዥ ብወስዳት ግን ዋስትናዋ ይቋረጣል ተብያለሁና ምርጫ አልነበረኝም።

አመሻሹ ላይ ሲያስረክቡኝ ከሥሯ ሲሚንቶው ረጥቦ አየሁ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩት የጋራዡን ኃላፊ።

«የኤሲ ውሃ ነው፣ ፋዘር።»

«ኤሲ አልከፈትኩም እኮ።»

«እኛ ስንፈትሽ ከፍተነው ነው። ፋዘር ደግሞ! አውሮፕላን አድርገንልዎት፤ በሉ ይግቡ።»

በሩን ከፍቶ፣ ክንዴን ደግፎ አስገባኝ። በአክብሮቱ ምንም እንከን አላገኘሁበትም። ጎንበስ ብሎ ከሥር ለማየት ግን አልሞከረም። እንዲህ ላከበረኝ ሰው ደግሜ መጠየቅ ነውር መሰለኝና ነድቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሰዓቱ ቀድሜ ተነሣሁ። ከከተማው ወጥቼ የቡሹሎን መንገድ እንደያዝኩ የዘይት መብራቱ በራ። መንገድ ዳር ሳላደርሳት ሞተሩ ብረት ከብረት የተፋጨ የሚመስል ድምፅ አሰምቶ ጸጥ አለ። ወርጄ ባይ፣ ከመጣሁበት አቅጣጫ ጀምሮ አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር ተዘርግቷል። በጣቴ ነካሁት፤ ዘይት ነው።

ወደ ድርጅቱ ደወልኩ። ያው ኃላፊ አነሣው፤ የሆነውንና ያለሁበትን ነገርኩት።

«እንዳይነኳት፣ ፋዘር! ጥለዋት ከሄዱ ዋስትናው አይሠራም። ሰው ልኬያለሁ፤ መንገድ ላይ ነው።»

ለአዛውንቱ ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነበር። ሽምግልናው በጸሎት ስለሚከፈት ሁሉም ስልካቸውን አጥፍተው ነበር የተቀመጡት። የወንድሜን ቁጥር ደግሞ ከስልኬ ካጠፋሁት ዓመታት አልፈዋል። ባጃጆች አጠገቤ ሲደርሱ ቀስ እያሉ፣ «አባባ፣ እንሂድ?» ብለው ያልፋሉ። ከእነዚያ በአንዱ ብሳፈር ኖሮ እደርስ ነበር። እኔ ግን «መንገድ ላይ ነው» የተባለውን ሰው ስጠብቅ ፀሐዩ ከረረ። ማንም እንደማይመጣ ሲገባኝ መኪናዋን ቆልፌ ባጃጅ ያዝኩ።

ግቢው ስደርስ ወንበሮቹ በግማሽ ክብ እንደተደረደሩ ነበሩ፤ የተቀመጠባቸው ግን የለም። ወንድሜ ብቻውን በረንዳው ላይ ነበር። እንዲህ አርጅቷል ብዬ አልገመትኩም።

«ጋሼ፣ መኪናዬ ተበላሽታብኝ ነው።»

«መኪና!» አለ። «በዚህ ከተማ የዘገየ ሰው ሁሉ መኪናው ይበላሽበታል።»

«እውነቴን ነው። ገና ትናንት ነው ከጋራዥ ያወጣኋት፤ እነሱ ናቸው...»

«ትናንት ተሠርታ ዛሬ ተበላሸች?» ሳቀ። «ይህን ያህል ተምረህ ውሸት እንኳ አታውቅበትም?»

ይህን ብሎ ወደ ቤት ገባ። ዕርቁን አክብሬ መኪናዬን ማስፈተሼ ቃሌን የማይታመን አደረገው።

ሰኞ መኪናዋን አስጎትቼ ጋራዡ ሄድኩ። ኃላፊው አልካደም። «ዘይት የሚፈስበትን ብሎን ልጆቹ ሳያጠብቁት ቀርተው ነው» አለኝ። «በጣም ይቅርታ፣ ፋዘር። ሞተሩን በነፃ እንቀይርልዎታለን።»

«ሞተሩ ይቆይ። ይልቅ ቡሹሎ አብረኸኝ ሂድና አሁን ያልከኝን ለወንድሜ ንገርልኝ።»

«ለወንድምዎ?» ግራ ገብቶት አየኝ። «እሳቸው ደንበኛችን ናቸው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? ሞተሩን ግን ሰሞኑን ጨርሰን እናስረክብዎታለን።»

ምን ብሎ እንደሚነግረው ማስረዳት የቤተሰቤን ገመና መዘርገፍ ነበር። ጥያቄዬን ትቼ ወጣሁ። ይቅርታው ለእኔ አያስፈልገኝም ነበር፤ የሚያስፈልገው ለወንድሜ ነበር። ሽማግሌዎቹም እንደገና ሄደው አነጋግረውት ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ጋራዡ በዚህኛው ቃሉ ጸና። መኪናዋ በአዲስ ሞተር፣ ታጥባና ተወልውላ ተመለሰችልኝ፤ ያ የድሮው መንኳኳት እንኳ ጠፍቶላታል።

ብዙም ሳይቆይ በከተማው ምሥራቅ በኩል ሁለታችንም የምናውቃቸው ሰው አርፈው ለልቅሶ ሄድኩ። መኪናዋን ከድንኳኑ ፊት ሳቆም ወንድሜ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ነበር። ወደ መኪናዋ ትኩር ብሎ አየ፤ ከዚያም ወደ እኔ።

«ዳነች እንዴ?» አለኝ። «ቶሎ ነው የተሻላት።»

አጠገቡ ያሉት ፈገግ አሉ፤ ነገሩን የሚያውቅ ግን አልነበረም።

«አዎ፣ ጋሼ» አልኩ።

ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ቦታ የለቀቀልኝ መሰለኝ። ለእኔ ይሁን ከኋላዬ ለሚመጣው ሰው ሳልጠይቅ፣ አልፌ ከውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።